አየር ላይ ዲጂታል የለም

ቴሌኮም ላይ እንደምሠራ ያወቀ ሰው ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጠይቀኛል። «አናሎግ የሚባለው ነገር ቀረ አይደል? አሁን ሁሉም ዲጂታል ነው አይደል?» አዎ ብል ወሬው እዚያው ያልቃል። ግን አያስችለኝም። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ አስረዳለሁ። ዛሬ ማብራሪያውን በጽሑፍ ላድርገውና ልገላገል።

አየር ላይ ዲጂታል የሚባል ነገር የለም። ከታወር ወደ ስልካችን የሚመጣው ሞገድ ነው። ከሳተላይት ጣራችን ላይ የሚወርደውም ሞገድ ነው። ሞገድ ደግሞ ሳያቋርጥ ከፍ ዝቅ የሚል ነገር ነው፤ ዜሮና አንድን አያውቅም። መንገድ ላይ ይደክማል፣ ከሕንፃና ከተራራ ጋር ይላተማል፣ ኖይዝ ይቀላቀልበታል። ይህ ለድሮው ሬዲዮም ለዛሬው ስልክም እኩል ነው።

የተለወጠው ተቀባዩ የሚጠይቀው ጥያቄ ነው። የአናሎግ ተቀባይ «የመጣው ሞገድ ቅርጹ ምን ይመስላል?» ይላል። ያገኘውንም ሁሉ ከነኖይዙ ለጆሮ ያስረክባል። የዲጂታል ተቀባይ «ከተስማማንባቸው ጥቂት ቅርጾች ውስጥ የትኛው ነው የመጣው?» ብሎ ይጠይቃል። ከመረጠ በኋላ የመጣውን ሞገድ ይጥለዋል። የሚያስቀምጠው ምርጫውን ብቻ ነው።

ኖይዝ ስል ሬዲዮ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ ሲደረግ የሚሰማውን «ሽሽሽ» ማለቴ ነው። ከፊሉ ከመብረቅ፣ ከሞተር፣ ከጎረቤት ቻርጀር ይመጣል። ከፊሉ ግን ከሙቀት ብቻ የሚመጣ ነው። ሙቀት እስካለ ድረስ ሽቦ ውስጥ ያሉ ኤሌክትሮኖች ይርመሰመሳሉ። ይህን ጆን ጆንሰን ቤል ላብስ በሚባለው የአሜሪካ የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ ለካው፤ ሃሪ ናይኩዊስት ደግሞ በሒሳብ አስረዳው። የሁለቱም ጽሑፎች የወጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ የፈረንጆቹ ናቸው።) ስለዚህ ኖይዝን ጨርሶ ማጥፋት አይቻልም። የሚቻለው ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል፣ በምን እንደሚከፍል መምረጥ ነው። የመገናኛ ምህንድስና የሚባለው ትምህርት ለእኔ ከላይ እስከ ታች ይህ ምርጫ ነው።

እኛ ቤት ሒሳቡን የሚከፍለው አባቴ ነበር።

ማታ ማታ አጭር ሞገድ ያዳምጣል። የጀርመን ድምፅ የአማርኛ ስርጭት በ1965 ነው የጀመረው፤ የአሜሪካ ድምፅ አማርኛ ደግሞ በ1982። ሰዓቱ ሲደርስ እኛ ልጆቹ ትንፋሻችንን እንውጣለን። እሱ ቁልፉን በፀጉር ስፋት ወዲያና ወዲህ ያዞራል፣ አንቴናውን ያዘነብላል፣ ሬዲዮኑን ይዞ ወደ መስኮት ይሄዳል። ድምፁ ይመጣል፣ ይርቃል፣ ይጣመማል፣ ይመለሳል። እኔ ከአምስት ቃል ሁለቱን ብሰማ ነው። እሱ ግን ሲያበቃ ዜናውን ከነዝርዝሩ ለእናቴ ይነግራታል። የጎደለውን ቃል ከየት እንዳመጣው ያኔ አይገባኝም ነበር።

እዚያ ሬዲዮ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። ጣቢያው አንድ ተሸካሚ ሞገድ ይልካል። የተናጋሪው ድምፅ የዚያን ሞገድ ቁመት ያሳድገዋል፣ ያሳንሰዋል። ኤ ኤም የሚባለው ይህ ነው። ተቀባዩ የሞገዱን አናት አናቱን ተከትሎ መሄድ ብቻ ይጠበቅበታል። ለዚህ ሁለት ርካሽ ዕቃዎች፣ አንድ ዳዮድና አንዲት ካፓሲተር፣ ይበቃሉ። ታዲያ ርካሽነቱ በሌላ በኩል ያስከፍላል። ጣቢያው ከሚረጨው ኃይል ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው ተሸካሚው ላይ ያልቃል። ተሸካሚው ብቻውን አንዲት ቃል አይናገርም። ወሬው ያለው በግራና በቀኙ ባሉት ጎኖች፣ በቀሪው አንድ ሦስተኛ ላይ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ቁጥር ሳይ ብክነት ነው ብዬ ነበር የማስበው። አሁን ሳየው ብልህ ስሌት ነው። ማሰራጫው አንድ ነው፤ ሬዲዮው ሚሊዮን ነው። ውድ የሆነውን ሥራ ለአንዱ ሰጥቶ ሚሊዮኑን ማርከስ ይሻላል። ገበሬውም፣ ሾፌሩም፣ ዘበኛውም በባትሪ ድንጋይ የዓለም ዜና የሰማው በዚያ ስሌት ነው።

ድምፁ ለምን ይመጣል ይሄዳል? ሞገድ በሴኮንድ ስንት ጊዜ ከፍ ዝቅ እንደሚል ፍሪኩዌንሲው ይባላል፤ የሚለካው በኸርዝ ነው። አጭር ሞገድ ከ3 እስከ 30 ሜጋ ኸርዝ (ሚሊዮን ኸርዝ) ባለው ውስጥ ነው። ከምድር በላይ በመቶ ኪሎ ሜትሮች የሚቆጠር ከፍታ ላይ ፀሐይ በኤሌክትሪክ የሞላችው የአየር ንብርብር አለ፤ አዮኖስፌር ይባላል። ሞገዱ ከዚያ ተመልሶ ይወርዳል። ከአውሮፓ ተነስቶ ደሴ ድረስ የሚመጣው በዚህ ዝላይ ነው። ቀን ቀን ታችኛው ንብርብር ዝቅ ያሉትን ፍሪኩዌንሲዎች ይውጣቸዋል። ፀሐይ ስትጠልቅ እሱ ይጠፋል። ጋዜጠኛው «በ19፣ በ25 እና በ31 ሜትር ባንድ» እያለ የሚዘረዝረው፣ ጣቢያውም በወቅቱ ፍሪኩዌንሲ የሚቀያይረው ለዚህ ነው። ሜትሩን ማወቅ የፈለገ 300ን በሜጋ ኸርዙ ያካፍል፤ 9.7 ሜጋ ኸርዝ 31 ሜትር ገደማ ይሆናል።

ችግሩ ሞገዱ በአንድ መንገድ ብቻ አይመጣም። አንዱ አንዴ ነጥሮ፣ ሌላው ሁለቴ ነጥሮ ይደርሳል። ሁለቱ ሲገጥሙ ድምፁ ይጎላል፤ ሲቃረኑ ይጠፋል። ከሁሉ የሚከፋው ተሸካሚው ብቻ ጠፍቶ ጎኖቹ ሲቀሩ ነው። ያኔ ዳዮዱ የሚከተለው አናት የለውም። ድምፁ አለ፤ ግን ተጨማዶ፣ ተጎራብጦ ነው የሚወጣው። አጭር ሞገድ የሰማ ሰው ያንን ድምፅ አይረሳውም። በዚህ ላይ አንዳንዴ ሰው ሆን ብሎ የሚልከው ሁካታ ይጨመርበታል፤ አፈና ማለቴ ነው። ጣቢያውም አንዱን ዝግጅት በሦስት በአራት ፍሪኩዌንሲ በአንድ ጊዜ በመልቀቅ ይከላከላል። አንዱ ቢታፈን ሌላው ይደርሳል። ይህችን ዘዴ አስታውሷት፤ ዲጂታሉ ዘመን በትልቁ የሚሠራባት እሷኑ ነው። አንድን ነገር ደጋግሞ መላክ።

አባቴ የጎደለውን የሚሞላው በቋንቋው ነው። አማርኛን ያውቃል፤ ፖለቲካውን ያውቃል፤ ቀጥሎ ምን ሊባል እንደሚችል ይገምታል። ስህተት አራሚው ሬዲዮኑ ውስጥ አልነበረም።

አሜሪካዊው መሐንዲስ ኤድዊን አርምስትሮንግ ሒሳቡን ከአድማጩ ጆሮ ለማንሳት ፈለገ። ኖይዝ በዋናነት የሞገዱን ቁመት ነው የሚያበላሸው። ስለዚህ ወሬውን በቁመቱ ላይ ከመጫን በፍሪኩዌንሲው ላይ እንጫነው፤ ቁመቱን ተቀባዩ ቆርጦ ይጣለው። ኤፍ ኤም ነው። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። መሐንዲሱ ጆን ካርሰን በ1922 ኤፍ ኤም የባንድ ስፋት (አየር ላይ የሚያዘውን የፍሪኩዌንሲ ቦታ) እንደማይቆጥብ በሒሳብ አሳይቶ ብዙ ሰው ትቶት ነበር። አርምስትሮንግ ግን የማስፋቱን አቅጣጫ ያዘ። መቆጠቡን ትቶ ለቀቀው፤ በ1933 ፓተንቱን አገኘ። ዛሬ አንድ የኤፍ ኤም ጣቢያ ፍሪኩዌንሲውን ወደ ላይና ወደ ታች 75 ኪሎ ኸርዝ ያወዛውዛል፤ ድምፁ እስከ 15 ኪሎ ኸርዝ ይደርሳል። ሁለቱን ደምሮ በሁለት ማባዛት ነው፤ 180 ኪሎ ኸርዝ ይመጣል። የሚገርመው ይህች ስሌት የምትጠራው በካርሰን ስም ነው። ኤ ኤም 10 ኪሎ ኸርዝ ገደማ ይበቃዋል። እንግዲህ 97.1 ወይም 102.1 ላይ የምንሰማው ጥራት የተገዛው ከአሥር እጥፍ በላይ በሆነ ቦታ ነው።

አርምስትሮንግ ከትልልቅ ኩባንያዎች ጋር በፍርድ ቤት ሲንገላታ ኖሮ በ1954 ራሱን አጠፋ። ክሶቹን ባለቤቱ ማሪዮን ቀጠለቻቸው፤ አሸነፈችም። ኤፍ ኤም በከፈትኩ ቁጥር እሷን ነው የማስባት።

ኤፍ ኤም አንድ ጠባይ አለው። ከከተማ እየራቃችሁ ስትሄዱ ድምፁ ለረጅም ጊዜ ጥሩ ሆኖ ይቆያል። ከዚያ በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ቷ ቷ ማለት ይጀምርና ይበተናል። ኤ ኤም እንዲህ አያደርግም፤ ቀስ እያለ ነው የሚሞተው። ኖይዙ ከአንድ መጠን ካለፈ ተቀባዩ የሞገዱን መዞር መቁጠር ያቅተዋል። ዲጂታል ሲመጣ «ወይ አለ ወይ የለም» ብለን ተገረምን እንጂ አናሎጉ ኤፍ ኤም ቀድሞ አሳይቶን ነበር።

አሁን ወደ ስልክ። አገራችን የመጀመሪያውን የረጅም ርቀት መስመር ያገኘችው በአፄ ምኒልክ ዘመን ነው፤ ከሐረር አዲስ አበባ፣ 477 ኪሎ ሜትር። በሽቦ ላይ የሚሄድ ድምፅ በየኪሎ ሜትሩ ይደክማል። በኋላ የመጣው መፍትሔ መንገድ ላይ አምፕሊፋየር መትከል ነው። አምፕሊፋየር ግን ድምፁን ብቻ ለይቶ አያጎላም፤ ኖይዙንም አብሮ ያጎላል፤ የራሱንም ይጨምራል። የሚቀጥለውም እንዲሁ። አሥረኛው ጋ ሲደርስ የአሥሩም ኖይዝ ተደራርቧል። ወላጆቻችን የክፍለ ሀገር ስልክ ሲያናግሩ ለምን እንደሚጮሁ አሁን ይገባችኋል። «ሃሎ! ሃሎ! ይሰማል?» ጩኸቱ ትክክለኛ ምህንድስና ነው። ኖይዙን መቀነስ ካልተቻለ ሲግናሉን ማሳደግ ነው። ልማዱ ግን አልለቀቀም። አባቴ ዛሬም በሞባይል ሲያወራ ጎረቤት ይሰማል።

አሌክ ሪቭስ የሚባል እንግሊዛዊ በ1937 ፓሪስ ውስጥ እየሠራ ሌላ መንገድ አየ። ድምፁን በቁጥር እንለውጠው፤ ቁጥሩን በምት እንላከው፤ ምት አለ ወይስ የለም የሚለውን ብቻ እንጠይቅ። መንገድ ላይ የሚቆመው መሣሪያ የደከመውን ምት አያጎላውም፤ «ይህ ምት ነው» ብሎ ይወስንና አዲስ ምት ይልካል። ከብራና ላይ መጽሐፍ የሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ የሚያደርገው ይህንን ነው። አሮጌው ብራና ደብዝዟል፣ ቆሽሿል። ጸሐፊው ግን እድፉን አይገለብጥም። ፊደሉን ይለየዋል፣ በአዲስ ቀለም ይጽፈዋል። ፎቶ ኮፒ ቢሆን ከነእድፉ ነበር የሚያነሳው፤ የኮፒው ኮፒ ደግሞ ይብሳል። ጸሐፊው እድፉን ከነጭራሹ ይረሳዋል። አንድ ነገር ብቻ ያሰጋዋል፤ ፊደሉ እጅግ ከመደብዘዙ የተነሳ አንዱን በሌላው ከተካ፣ አዲሱ ስህተት ከእውነተኛው ጋር እኩል ደምቆ ይጻፋል። ዲጂታል ሲሳሳት የሚሳሳተው እንዲህ በሙሉ ልብ ነው።

የሪቭስ ሐሳብ በዘመኑ የቫኪዩም ቱቦ የማይሞከር ነበር። ትራንዚስተር በ1947 መጨረሻ መጣ። የአሜሪካው የስልክ ኩባንያ ቤል 24 ንግግሮችን በአንድ የዲጂታል መስመር ማስኬድ የጀመረው በ1962 ነው። በአውሮፓና በእኛ አገር የተለመደው 30 ንግግር የሚይዘው ነው፤ በሴኮንድ 2.048 ሚሊዮን ቢት። ቢት ማለት አንዲት የ«አለ ወይስ የለም» መልስ ናት፤ አንድ ወይም ዜሮ።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ? የስልክ ድምፅ ከ300 እስከ 3400 ኸርዝ ብቻ ነው የሚያልፈው። አንድን ሞገድ ሳይጎድል መልሶ ለመሥራት ከከፍተኛው ፍሪኩዌንሲ እጥፍ በላይ ጊዜ መለካት ይበቃል። ስለዚህ በሴኮንድ 8000 ጊዜ ይለካል። እያንዳንዱ ልክ ከ256 ደረጃዎች ወደ ቅርቡ ይጠጋጋል፤ ያ 8 ቢት ነው። 8000 በ8 ሲባዛ 64,000። አንዲት «እሺ» ለማለት ሴኮንድ ብትወስዱ 64,000 ቢት ተናገራችሁ ማለት ነው። ማጠጋጋቱ ራሱ ኖይዝ ይፈጥራል። ይህኛው ግን እኛው የፈጠርነው ስለሆነ መጠኑን እናዝዘዋለን፤ አንድ ቢት በጨመርን ቁጥር 6 ዴሲቤል ይቀንሳል፤ ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል ማለት ነው። ድምፁ ዝግ ሲል ደረጃዎቹ እንዲቀራረቡ፣ ሲጮህ እንዲራራቁ ይደረጋል፤ ጆሮም የሚሰማው በዚያ መልክ ነውና። በአናሎግ 4 ኪሎ ኸርዝ ይበቃው የነበረው ንግግር ግን አሁን በቀላሉ አላለክ ቢያንስ 32 ይፈልጋል። እንደ አርምስትሮንግ ሁሉ ሪቭስም የከፈለው በስፋት ነው።

በ1948 የቤል ላብስ ተመራማሪ የነበረው የ32 ዓመቱ ክሎድ ሻነን ዋጋውን በአንድ መስመር ጻፈው። አንድ መስመር በሴኮንድ ያለ ስህተት ሊያሳልፍ የሚችለው የቢት ብዛት ጣሪያ አለው። ጣሪያውን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የባንዱ ስፋትና ሲግናሉ ከኖይዙ ስንት እጥፍ እንደሆነ። ስፋቱን እጥፍ ብታደርጉ፣ የሲግናልና የኖይዝ ልኩ እንደነበረ ከቆየ፣ ጣሪያው እጥፍ ይሆናል። ኃይሉን እጥፍ ብታደርጉ ግን ለእያንዳንዱ ኸርዝ ቢበዛ አንድ ቢት ነው የምታተርፉት። የአባቴ ጩኸት ብዙም እንደማያዋጣ ሻነን በሒሳብ ነግሮታል፤ አልሰማም እንጂ።

በምሳሌ እንየው። 3000 ኸርዝ ስፋት ያለው የስልክ መስመር፣ ሲግናሉ ከኖይዙ ሺህ እጥፍ ቢሆን፣ ጣሪያው በሴኮንድ 30,000 ቢት ገደማ ነው። ያ እየጮኸ፣ እየተንጫጫ ይገናኝ የነበረ የዳያል አፕ ሞደም ታስታውሱታላችሁ? 33.6 ኪሎ ቢት ላይ ደርሶ የቆመው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከምሳሌያችን ትንሽ የተሻለ መስመር ያለው ጣሪያ ጋ ደርሶ ነው። 56 የተባለው የመጣው አንደኛው ጫፍ ከማዕከሉ ጋር በዲጂታል ስለተገናኘ ነው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ነው። ከጣሪያው በታች እስከሆናችሁ ድረስ ስህተቱን የፈለጋችሁትን ያህል ማሳነስ ይቻላል አለ። ከዚያ በፊት ስህተት ለመቀነስ ወይ ኃይል መጨመር ወይ እየዘገዩ መሄድ ብቻ ነው የሚያዋጣው ተብሎ ይታመን ነበር። ሻነን ጥሩ ኮድ እንዳለ አረጋገጠ፤ ኮዱን ግን አልሰጠንም። ፍለጋው 45 ዓመት ፈጀ። በ1993 ክሎድ ቤሩና አላን ግላቪዩ ከባልደረባቸው ጋር ጣሪያውን ሊነካ የደረሰ ኮድ ጄኔቫ ላይ አቀረቡ። ሮበርት ጋላገር በ60ዎቹ መጀመሪያ የጻፈው ሌላ ኮድ ደግሞ ማሽን ስላልነበረ ተረስቶ ከርሞ በ90ዎቹ እንደገና ተነሳ። ዛሬ 5ጂ ዳታውን በጋላገር ኮድ፣ የመቆጣጠሪያ መልእክቶቹን ደግሞ ቱርካዊው ኤርዳል አሪካን በ2009 ባሳተመው ኮድ ይጠብቃል።

ኮድ ስል ምስጢር ማለቴ አይደለም። ሆን ተብሎ የሚጨመር ትርፍ ቢት ነው። አባቴ በአማርኛ እውቀቱ ይሞላው የነበረውን ማሽኑ እንዲሞላው የሚሰጠው ፍንጭ።

አዲስ አበባ በ1999 ሞባይል ስትጀምር የመጣው ጂ ኤስ ኤም የሚባለው የሞባይል ሥርዓት ይህን እንዴት እንደሚያደርግ ስታዩ ደስ ይላል። ድምፁን በ20 ሚሊ ሴኮንድ ይቆራርጠዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ 260 ቢት ነው። ሁሉም ቢት ግን እኩል አይደለም። 50ዎቹ ከተበላሹ ንግግሩ ገደል ገባ፤ ስለዚህ በደንብ ይጠበቃሉ፣ መበላሸታቸውም ይመረመራል። 132ቱ ይጠበቃሉ፣ መበላሸታቸው ግን አይመረመርም። 78ቱ ያለ ምንም ጥበቃ ይለቀቃሉ። ቢበላሹም ጆሮ ይታገሳል ተብሎ ነው። 260ው 456 ሆኖ ይወጣል፤ እነዚያም ተደበላልቀው በስምንት ቦታ ይበተናሉ፤ አንዱ ቦታ ቢመታ ሁሉም ትንሽ ትንሽ እንዲጎዳ እንጂ አንድ ቃል በሙሉ እንዳይጠፋ።

ጥበቃው ሳይበቃ ሲቀር ስልኩ ያለፈውን ቁራጭ ይደግመዋል። ያ ነው ሰውየው በድንገት እንደ ሮቦት «አአአ» የሚለው። ከቀጠለ ድምፁን እየቀነሰ ይዘጋዋል።

አንድ ጨዋታ ልጨምር። ዲጂታል መስመር ላይ ማንም ሳይናገር ሲቀር ፍጹም ጸጥታ ይሆናል። ስልኩም ባትሪ ለመቆጠብ በዝምታው ጊዜ መላክ ያቆማል። ሰው ግን ጸጥታውን ሲሰማ «ተቋረጠ» ብሎ ይዘጋል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከወዲያ በኩል ያለውን ኖይዝ በግምት የሚገልጽ አጭር መልእክት ብቻ አልፎ አልፎ እንዲመጣ አደረጉ። ተቀባዩ ስልክ በዚያ ተመርቶ ራሱ «ሽሽሽ» ይሠራል። ስንት ዘመን ስናሳድደው የኖርነውን ኖይዝ በእጃችን እያመረትን እናሰማለን ማለት ነው። ሥራዬን ከምወድባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

የእኔ የዕለት እንጀራ ከታወር ታወር የሚያገናኘው ማይክሮዌቭ የሚባለው የሬዲዮ መስመር ነው። ሞገዱን በቁመቱና በፌዙ (ከፍ ዝቅ ማለቱን ከየት እንደሚጀምር) እየለዋወጥን ቢት እንጭንበታለን። አየሩ ጥሩ ሲሆን 256 ዓይነት ቅርጽ እንጠቀማለን፤ አንዱ ቅርጽ 8 ቢት ይሸከማል። ስክሪን ላይ 256 ነጥቦች ተሰልፈው ይታያሉ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲወርድ፣ በተለይ ከ10 ጊጋ ኸርዝ በላይ ከሆነ፣ ጠብታዎቹ ሞገዱን ይውጡታል። ነጥቦቹ ያብጣሉ፣ ይነካካሉ። ያኔ መሣሪያው ራሱ ወደ 64፣ ወደ 16፣ መጨረሻም ወደ 4 ቅርጽ ይወርዳል። 4 ነጥብ ተራርቆ የቆመ ስለሆነ አይምታታም። ግን 2 ቢት ብቻ ነው የሚሸከመው፤ ፍጥነቱ አንድ አራተኛ ሆነ። ደንበኛ «ዝናብ ሲዘንብ ኔቱ ይጎተታል» ሲል እውነቱን ነው። መስመሩ እንዳይሞት ሒሳቡ በፍጥነት እየተከፈለ ነው።

ቴሌቪዥን ግን እንዲህ መውረድ አይችልም፤ ሳተላይቱ ለሁሉም ጣራ የሚልከው አንድ ነገር ነው። ስለዚህ ጥበቃው አስቀድሞ ተከፍሎ ይመጣል። ሪሲቨር ላይ የምታስገቧቸውን ቁጥሮች አስቡ። ፍሪኩዌንሲ፣ ቨርቲካል ወይም ሆሪዞንታል፣ ከዚያ 27500፣ ከዚያ 3/4። አገሩ ሁሉ በቃሉ የያዛቸው ቁጥሮች ናቸው። 27500 ማለት በሴኮንድ 27.5 ሚሊዮን ቅርጽ ይመጣል ማለት ነው። ባለ 4 ቅርጹ ዓይነት ከሆነ አንዱ 2 ቢት ይሸከማል፤ 55 ሚሊዮን። 3/4 ማለት ከአራት ቢት ሦስቱ ብቻ ቁም ነገር ናቸው፤ አራተኛው ጥበቃ ነው። በዚያ ላይ ከየ204 ባይት 16ቱ ሌላ ጥበቃ ናቸው። ስታሰሉት ለፊልሙና ለዜናው የሚተርፈው 38 ሚሊዮን ገደማ ነው። 17 ሚሊዮኑ በየሴኮንዱ የሚመጣው እንዲያርም ብቻ ነው። 36,000 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ዲሹ ላይ የሚያርፈው ኃይል ከአንድ ዋት በትሪሊዮን የሚካፈል ስለሆነ አይበዛበትም።

ሪሲቨሩ ሁለት መስመሮችም ያሳያል፤ ስትሬንግዝና ኳሊቲ። የመጀመሪያው የሚለካው ማንኛውንም የመጣ ኃይል ነው፤ የሌላ ሳተላይትም ይሁን ባዶ ኖይዝ። 90 ሆኖ ምስል ላይኖር ይችላል። እውነቱን የሚናገረው ኳሊቲ ነው። ምርጫው ምን ያህል ሳይምታታ እየሄደ እንደሆነ እሱ ይነግራል።

ጣራ ላይ የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ዲሽ ሠሪው ላይ ነው፣ ቤተሰቡ ታች። «መጣ?» «ገና!» «አሁንስ?» «መጣ! መጣ! ተወው፣ እንዳትነካው!» ሰውየው ብሎኑን አጥብቆ ይወርዳል፣ ብሩን ተቀብሎ ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ ምስሉን ይወስደዋል። ያኔ ወቀሳው ለሳተላይቱ ነው።

የሆነው ግልጽ ነው። ኳሊቲው 40 ሲሆንና 80 ሲሆን ምስሉ ያው አንድ ነው፤ አራሚው ሁለቱንም አጽድቶ ነው የሚያሳያችሁ። በድሮው አንቴና ቢሆን ነጠብጣቡ ስክሪኑ ላይ እየታየ «ትንሽ ይቀራል» ትሉ ነበር። አሁን ገደሉ ጫፍ ላይ መቆማችሁን ምስሉ አይነግራችሁም። ዝናቡ ሞገዱን ጥቂት ያዳክማል፤ ጠብታውም ሙቀት ስላለው የራሱን ኖይዝ ይጨምራል፤ በቃ።

ስለዚህ ሠራተኛው ሲመጣ «መጣ» ብላችሁ አትጩሁ። የኳሊቲውን ቁጥር እየጠራችሁ አንብቡለት። ዲሹን ግራ ቀኝ፣ ላይ ታች እያለ ቁጥሩ ማደጉን እስኪያቆም ይሞክር። ከዚያ ኤል ኤን ቢውን፣ ከዲሹ ፊት ያለችውን መቀበያ፣ መያዣው ውስጥ ትንሽ ትንሽ ያዙረው፤ ብዙዎቹ ይህችን ይዘሏታል፣ ቁጥሩ ግን ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ነው የሚጨምረው። ብሎኑ ሲጠብቅ ዲሹ ይንቀሳቀሳልና ከጠበቀ በኋላም አንድ ጊዜ አንብቡለት። ክረምት ላይ ምስሉ ሲሄድ ደግሞ ጣራ አትውጡ፤ ዝናቡ እስኪያባራ ጠብቁ።